መብረቋ ብልጭ ካለች ኦርጅናል ነው

የኛ ሰው ቻርጀር ሲገዛ የሚያደርገው ጥንቃቄ ያስቀናል። መርካቶ ሱቅ ግባ፣ መገናኛ መንገድ ዳር ሸራ ላይ ከተዘረጋው ዕቃ ፊት ቁም፣ ፍተሻው አንድ ነው። ሻጩ ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ይሰካል። ገዢው ስልኩን ያቀብላል። የመብረቅ ምልክቷ ብልጭ ትላለች። «አየህ? ያዘ!» በቃ፣ ሂሳብ ይከፈላል።

ፈረንጆቹ ያሳዝናሉ። በቻርጀሩና በገመዱ መሃል የምትሰካ፣ ቮልትና አምፔር የምታሳይ ትንሽ መለኪያ ይዘው ቁጥር ሲያነቡ ይውላሉ። ቤንሰን ለንግ የሚባል የጉግል መሐንዲስ የዩኤስቢ ሲ ገመድ እየገዛ ይፈትሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጦ የተበየደ ገመድ ገጠመውና ላፕቶፑን ከጥቅም ውጪ አደረገበት። እኛ ጋ ቢሆን «ዋስትናው እስከ በር ነው» ተብሎ ነገሩ ባጭሩ ባለቀ ነበር።

መብረቋ ደግሞ አድልዎ አታውቅም። ግማሽ አምፔርም ይግባ ሁለት፣ እኩል ታበራለች። ግማሽ አምፔር በ5 ቮልት 2.5 ዋት ነው። ግን ካርቶኑ ላይ «65 ዋት» ተጽፎ እያየህ እንዴት ትጠረጥራለህ? ካርቶን ይዋሻል እንዴ? ፈጣን ቻርጅ የሚመጣው ቻርጀሩና ስልኩ ተነጋግረው ሲስማሙ ነው ይላሉ። የኛው ቻርጀር ዝምተኛ ነው፤ ወሬ አያበዛም።

የገመድ ዕውቀታችንማ ሌላ ነው! እንጎትተዋለን፣ እንጠመዝዘዋለን፣ ከወፈረ «ይሄ ጠንካራ ነው» እንላለን። የወፈረው ፕላስቲኩ ይሁን መዳቡ ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ነው። ውስጡ ባለ 28 ጌጅ ቀጭን ሽቦ ከሆነ፣ ገመዱ አንድ ሜትር ብቻ ሆኖ 2 አምፔር ሲያልፍበት ከ5 ቮልቱ ከ0.8 በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ስልኩም ቮልቱ መውረዱን ሲያይ የሚወስደውን አምፔር ራሱ ይቀንሳል። ጨዋ ነው፣ አይከስም። ቻርጀሩ ሲግል ደግሞ «ኃይለኛ ነው» ብለን እናደንቀዋለን።

ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ጠዋት ግማሽ ላይ ሲገኝ ጥፋተኛው ይታወቃል። ወይ ስልኩ አርጅቷል፣ ወይ የሰፈሩ መብራት ኃይል የለውም፣ ወይ ልጆቹ ቲክቶክ አይተውበታል። ቻርጀሩ ላይ ጣት አይቀሰርም። ተፈትሾ የተገዛ ነዋ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ጥበብ ንቆ መለኪያውን ይዞ ሱቅ ገባ። «ሁለት አምፔር» የተባለለት ቻርጀር ላይ ሰካው። 0.43 አለ። ሻጩ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ። መለኪያውን ነቅሎ በእጁ መዘን መዘን አደረገው።

«ወንድሜ፣ ፎርጅድ ሸጠውልሃል። ኦርጅናሉን ላምጣልህ?»