«ያው ነው» መኪናዬን ሊጨርሳት ነው

ጎበዝ፣ ዛሬ ልናገር። ከኅዳር ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመ ነው።

የአባቴ ቮልስ አለችኝ። የ1958 ሞዴል፣ በፈረንጅ 1966። ሞተሯ 1300፣ ቀለሟ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ፣ ዶሮ እያደረባት ስድስት ዓመት ቆመች። ዘንድሮ ጎንደር ውስጥ አሮጌ መኪና ያለን ጥቂት ሰዎች ተጠራራንና ለጥምቀት ሰሞን ፒያሳ ላይ ደርድረን እናሳይ ተባባልን። እኔም አፌን ሞልቼ «የኔዋ ትደርሳለች» አልኩ። ያኔ ሁለት ወር ነበረኝ። አሁን ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል፤ መኪናዋም ጋራዥ ስትገባ ከነበረችበት ብሳለች።

የበደሉኝ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ሁሉም ደግ ናቸው። ሻይ ይጋብዙኛል፣ «አይዞህ ወንድሜ» ይሉኛል። የጨረሰኝ አንድ ቃል ነው፦ «ያው ነው»።

ከባትሪው ልጀምር። የ58ቷ ቮልስ የምትሠራው በ6 ቮልት ነው። ወደ 12 የተዞረው ከሷ በኋላ በመጡት ሞዴሎች ነው። ይህን ለኤሌትሪሺያኑ ነገርኩት። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር እንደሆነም አሳየሁት። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለ። በማግስቱ ስመጣ ሞተር የሚያስነሣው ሞቶሪኖ እንደ ጉድ ያዞራል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ መብራት አበራሁ። ፏ! አለና ሁለቱም አምፖል ተቃጠለ። ፍሬቻውም ተከተለ። ጥሩንባው ብቻ እንደ አምቡላንስ ጮኸ። 12 ቮልት አስገብቶባታል።

«6 ቮልት ከተማው ላይ የለም፤ ደግሞ ያው ባትሪ ነው» አለኝ።

እሺ፣ የለም። እኔም ከፒያሳ እስከ አዘዞ ዞሬ አጥቻለሁ። ግን «የለም» በለኝ እንጂ! የለም ማለት እኮ ነውር አይደለም።

ቀጥሎ ሞተር። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፣ ምክንያቱም እንቅልፍ የነሣኝ ይሄ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራቶር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለቆላ የተመጠነለትን ነዳጅ ያንኑ ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ታቃስታለች። መፍትሔው ነዳጅ የምትመጥነውን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው። ይኼው ነው። መካኒኩ ምን አደረገ? «ጉልበት አንሷታል» ብሎ ቀዳዳዋን በቀጭን መሰርሰሪያ አሰፋት! አየር ላነሳት መኪና ቤንዚን ጨመረላት። አሁን ከማርሚታዋ የሚወጣው ጭስ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያስመስላታል። ሌላ ቀዳዳ አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አስፈልጌ፣ በአውሮፕላን በሚመጣ ዘመድ ኪስ ነው ያስመጣሁት። ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰች ነገር!

ቫልቩም አለ። የዚህ ሞተር ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ነው፤ ክፍተቱም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ በመለኪያ። የኔው ሰውዬ ሞተሩን አሙቆ፣ ጆሮውን ደግኖ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አጠበቀው። «አሁን ልስልስ አለች» አለ። ልስልስ ማለቷ ነው እኮ ችግሩ! ቫልቩ በደንብ ካልገጠመ ይቃጠላል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር። የዘይት ማቀዝቀዣው ከበላዩ ነፋሱ መንገድ ላይ ስለተቀመጠ፣ ለሱ የሚደርሰው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። «በመለኪያም በጆሮም ያው ነው፣ እኔ በጆሮዬ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» አለኝ። ማታ ቤቴ ወስጄ፣ አሳድሬ፣ ጠዋት ጋቢዬን ለብሼ ራሴ ፈታሁት። ሦስተኛው ላይ መለኪያው ጭራሽ አልገባም።

የላቫጆውን ልጅ ግን ይቅር ብየዋለሁ። የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ሞተር ሲያጣ ደንግጦ ነው። «ጋሼ፣ ሞተሩን ሰርቀውዎታል!» አለኝ። ከኋላ መሆኑን ሳሳየው ደስ ብሎት በውኃ አጥለቀለቀው፤ እስክትደርቅ ሁለት ቀን አልነሣም አለች። ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወሰደቻቸው ቮልስ ናት። ያን ጠዋት እንደኔዋ አልነሣም ብትል ኖሮ እያልኩ ሳስብ ዋልኩ።

ቤንዚኑን አላነሣውም። በሃይላንድ ገዝተህ፣ ግማሹ ውኃ ይሁን ምን ይሁን ሳታውቅ መጨመር ለብቻው አንድ ብሶት ነው።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን እጅ የሰጠው እዚሁ ጎንደር ነው፣ ኅዳር 1934። ሰውዬው ሄደ፣ ቃሉ ጋራዥ ቀረ። የጀርመን መኪና ይዤ ገብቼ ስለ ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያው)፣ ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ መገጣጠሚያ መሀል የሚገባው) ስጨቃጨቅ እውላለሁ። ጓርኒሲዮን ስል ደግሞ ትዝ አለኝ፤ የኔዋን ከባጃጅ ጎማ ቆርጠው ነው የሠሩልኝ። ጎማ ዘይትና ሙቀት ላይ ምን እንደሚሆን ሳልነግራችሁም ታውቃላችሁ። ግቢዬ ሲሚንቶው ላይ የጣና ሐይቅን የሚያህል ጥቁር ነገር አለ።

አሁን ወደ ባትላሜራውና (ቦዲ አቃኙና) ቀለም ቀቢው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ፣ እጃቸው ወርቅ ነው። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን ነው የሚታሰረው። በሱና በቦዲው መካከል ደግሞ አንዲት ቀጭን የጎማ ክር ትገባለች። የመኪናዋ ቅንድብ ማለት ናት። «ጋሼ፣ እሷን አደራ» ብዬ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ስመለስ ክሯ ጠረጴዛ ላይ ናት፤ ቦታዋ በስቱኮ ተደፍኖ እንደ እንቁላል ለስልሷል። «ውኃ እንዳይገባብህ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ምን ይባላል? አመስግኜ ወጣሁ። ውጭ ቆሜ ግን ትንሽ ጮኽኩ።

ቀለሙም አለ። ናሙና ብዬ የጓንት ማስቀመጫውን ክዳን ፈትቼ ሰጥቼ ነበር፤ ፀሐይ ያልነካው የመጀመሪያው ቀለም ነው። እሳቸው ከታች ያለውን ሁሉ በሚኒባስ ታክሲ ሰማያዊ ቀቡት። ጣሪያው ነጭ የዝገት መከላከያ ብቻ ነው የተቀባው፣ ገና ነው። እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና አስቡት። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ።

ባለፈው ማክሰኞ ልሞክራት ብዬ ወጣሁ። ማራኪ አካባቢ ቀስ ስል አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። «አዘዞ ነህ?» ሳልመልስ በሩን ከፍተው ዘንቢላቸውን አስገቡ። «የኋላው በር የት አለ ልጄ?» አሉ። የለውም አልኳቸው። አዘዞ አደረስኳቸው። ሲወርዱ ሒሳብ ሰጡኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ። ብሩን ተቀበልኩ። መኪናዋ በሁለት ወር ውስጥ ያስገባችው ገንዘብ እሱ ብቻ ነው። የወጣውን እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነባለች።

ለእማዬ ምሬቴን ሳወራ ሳቀችብኝ። «አባትህ እኮ እንዲህ አልተጨነቀላትም» አለች። እውነቷን ነው። ባትሪውን ሳወጣ ከሥሩ ወለሉ በስብሷል፤ ቮልስ ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚበሰብሰው፣ የባትሪ አሲድ ይበላዋል። ቀዳዳው ላይ ግን የዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ተቆርጦ፣ ዙሪያውን በሬንጅ ተለጥፏል። የእርዳታ ዘይት ጽሑፉ አሁንም ይነበባል። የአባቴ እጅ ሥራ ነው። ሌላውን ሁሉ «እንደ ድሮው ይሁን» ብዬ ስጨቃጨቅ ከርሜ፣ ያን ቆርቆሮ ላነሣው አልቻልኩም። ጸረ ዝገት ቀባሁትና መለስኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ለማንኛውም፣ ዘጠኝ ቀን አለ። ቀለሙ እንደገና ይቀባል፣ ስቱኮው ይፈለፈላል፣ ክሯ ትመለሳለች፤ ጋሼ «እሺ ልጄ» ብለዋል። ቫልቩን እኔ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ባትሪ ነው። ጎንደርም ሆነ ደባርቅ፣ ባሕር ዳርም ቢሆን፣ ከአያቱ ሞተር ሳይክልም ይሁን ከየትም፣ ቻርጅ የሚይዝ 6 ቮልት ባትሪ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ያናግረኝ። እገዛለሁ፣ ካልሆነም ለሦስት ቀን እዋሳለሁ። 12 ያላችሁ ግን በእናታችሁ፣ እንዳትደውሉ።