«በወር ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ እያስበላን ነው

ማስታወቂያው ላይ የምታብረቀርቅ መኪና አለች፣ ከሥሯ በትልቁ የተጻፈ ወርሃዊ ክፍያ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ዐይን የሚያደክም ደቃቅ ጽሑፍ። የቅንጦት መኪና ሊዝ፣ ማለትም መኪናን ለተወሰነ ጊዜ በወርሃዊ ክፍያ ይዞ መመለስ፣ የሚሸጠው እንዲህ ነው። ሰውም ገና ወንበር ሳይዝ «በወር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ የሚፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነው! ወርሃዊውን ቁጥር እንደ ላስቲክ ወደፈለገበት ይስበዋላ። ቅድመ ክፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ወሩን ከ36 ወደ 39 ይገፋል፣ በዓመት እንድትነዱ የሚፈቀደውን የኪሎ ሜትር ገደብ ያሳንሳል፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ፊርማው ይወርዳል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው። በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ስሌቱ ከባድ አለመሆኑ ነው። አራት ቁጥር ነው። አራቱን ቁጥር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ስለጠፋ ብቻ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ አግባብ ይከፍላል።

እስቲ እንየው። ሊዝ ላይ መኪናዋን እየገዛችሁ አይደለም። የምትከፍሉት ሁለት ነገር ነው፦ እናንተ ዘንድ በቆየችበት ጊዜ ከዋጋዋ የሚወርደውን፣ እና የአከራዩ፣ ማለትም የመኪናዋ ባለቤት የሆነው ድርጅት፣ ገንዘብ እሷ ላይ ታስሮ ለቆየበት ወለዱን። አራቱ ቁጥሮች የተስማማችሁበት ዋጋ፣ ውሉ ሲያልቅ ታወጣለች ተብሎ የተገመተው ቀሪ ዋጋ፣ የወሩ ብዛትና የወለድ ማባዣው ናቸው። ከተስማማችሁበት ዋጋ ላይ ቀሪውን ዋጋ ቀንሱና ለወሩ ብዛት አካፍሉ። ይህ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ቀጥሎ የተስማማችሁበትን ዋጋና ቀሪውን ዋጋ ደምሩና በማባዣው አባዙ። ሁለቱን ስትደምሩ ታክስ ያልገባበት ወርሃዊ ክፍያ ወጣ።

ብዙ ሰው «ዋጋና ቀሪ ዋጋ ለምን ይደመራሉ?» ብሎ የሚደናገረው ሁለተኛው ላይ ነው። ዕዳው ከሙሉው ዋጋ ጀምሮ ቀሪው ዋጋ ላይ ያበቃል፤ ስለዚህ አማካዩ የሁለቱ ድምር ግማሽ ነው። ግማሹ ማባዣው ውስጥ አስቀድሞ ተሰልቶ ገብቷል። ለዚህም ነው ማባዣው 0.0025 ዓይነት ምንም የማትመስል ቁጥር የሆነችው። በ2,400 ስታባዟት ዓመታዊ ወለዷ ይወጣል፤ 0.0025 ማለት 6 በመቶ ነው። አከራዩ ወለዱን በመቶኛ ከነገራችሁ ደግሞ ለ2,400 አካፍሉት።

አሁን ሞዴል የማወዳደሩ ነገር ላይ እንምጣ፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ሁለት መኪና አለ እንበል። የአንደኛዋ የተለጠፈ ዋጋ 100,000 ነው፣ የገንዘቡ ዓይነት ምንም ይሁን። በ95,000 ተስማማችሁ፣ ከ36 ወር በኋላ ቀሪ ዋጋዋ ከተለጠፈው 60 በመቶ፣ ማለትም 60,000 ነው። ሁለተኛዋ 92,000 ተለጥፎባታል፣ በ88,000 ተስማማችሁ፣ ቀሪዋ ግን 50 በመቶ፣ 46,000 ብቻ። ማባዣው ለሁለቱም 0.0025 ነው። አንደኛዋ፦ 35,000 ለ36 ሲካፈል 972፣ ወለዱ 388፣ ድምሩ በወር 1,360። ሁለተኛዋ፦ 42,000 ለ36 ሲካፈል 1,167፣ ወለዱ 335፣ ድምሩ 1,502። በ«ርካሿ» መኪና በየወሩ 142፣ በ36 ወር ከ5,000 በላይ ተጨማሪ ከፈላችሁ ማለት ነው! መኪና መግዛትና ሊዝ መውሰድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የምንለው ለዚህ ነው። ሲገዛ ርካሽ የሆነው ሁሉ ሊዝ ላይ ርካሽ አይደለም።

ሌላም አለ። ቀሪው ዋጋ በአብዛኛው የሚሰላው ከተለጠፈው ዋጋ ላይ እንጂ ከተስማማችሁበት ላይ አይደለም። ስለዚህ ተከራክራችሁ ያስቀነሳችሁት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እናንተ ከምትከፍሉት ድርሻ ላይ ይነሳል። ሆኖም ሰው «ሊዝ አይደል እንዴ፣ ዋጋው ምን አገባኝ» ብሎ በተለጠፈው ይፈርማል። ዋጋው ያገባችኋል! መጀመሪያ መኪናዋን እንደምትገዛ ሰው ተከራከሩ፣ ዋጋው በወረቀት ይስፈር፣ ሊዝ የሚባለው ቃል ከዚያ በኋላ ይነሳ።

ማባዣውም ላይ እንዲሁ ነው። አከራዩ ለጥሩ ከፋይ 0.0025 ብሎ ያጸደቀውን ሻጩ 0.0030 አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ስታዩት ከቁብ የሚቆጠር አይመስልም። ከላይ ባለችው አንደኛዋ መኪና ላይ ግን በወር 77.50፣ በ36 ወር 2,790 ነው። በዚህ ላይ «የቀለም መከላከያ»፣ «የጎማ ዋስትና» እየተባለ የሚለጠፈው ተቀጽላ ይመጣል። እነዚህ ቀሪ ዋጋ የላቸውም። 1,800 የሚያወጣ የቀለም መከላከያ ውሉ ውስጥ ከገባ ሙሉው 1,800 በ36 ወር ተከፍሎ ያልቃል፣ ወለዱም ይጨመርበታል፤ በወር 54.50 ገደማ። ከዚያ ያንን ቀለም አብርታችሁ ለአከራዩ ትመልሱለታላችሁ።

ቅድመ ክፍያን በተመለከተ ግልጹን እናገራለሁ፦ ሊዝ ላይ ትልቅ ቅድመ ክፍያ አትክፈሉ። «በወር 850 ብቻ» የሚለው ማስታወቂያ ከሥሩ 9,000 ቅድመ ክፍያ ካለው፣ 9,000 ለ36 ሲካፈል 250 ነው፤ ትክክለኛው ክፍያችሁ 1,100 ሆነ ማለት ነው። ይህም ብቻ አይደለም። መኪናዋ በሁለተኛው ወር ተገጭታ ከጥቅም ውጭ ብትሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለባለቤቷ፣ ማለትም ለአከራዩ ነው። በመኪናዋ የገበያ ዋጋና በቀረው ዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን ዋስትና ቢኖራችሁ እንኳ የሚዘጋው ዕዳውን ነው፤ ቅድመ ክፍያችሁ አይመለስም። ያ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ቀን ውሃ በላው። ያንን ዋስትና ውሉ ይዞት እንደሆነም ጠይቁ፤ አንዳንዱ ውስጡ አለው፣ አንዳንዱ ለብቻ ያስከፍላል።

ኪሎ ሜትሩንም ከልብ አስሉት። ባለፈው ሳምንት ስንት ነዳችሁ? በ52 አባዙትና የዓመቱን ረጅም ጉዞ ጨምሩበት። በዓመት 15,000 ብላችሁ ፈርማችሁ 20,000 ከነዳችሁ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 15,000 ትርፍ ኪሎ ሜትር ተከማችቶ በአንድ ደረሰኝ ይመጣል። ትርፉን መጀመሪያውኑ ውሉ ውስጥ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ከመቀጣት ይረክሳል። ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁና አወዳድሩ።

ሞዴሎቹስ? ሰው ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስን፣ መርሴዲስ ሲ ክላስን፣ ኦዲ ኤ5ንና ሌክሰስ ኢኤስን ጎን ለጎን አቁሞ የሚያወዳድረው በአርማና በስክሪን ስፋት ነው። ከተፈረመ በኋላ በየቀኑ አብሯችሁ የሚኖረው ግን ሌላ ነው። ጎማውን ተመልከቱ። 3 ሲሪስ በስፖርቱ ፓኬጅ ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ስትወሰድ ከፊት 225/40፣ ከኋላ 255/35 ትጫማለች። የኋላው ጎማ ግድግዳው 9 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቸርኬው ራሱ ነው የሚመታው፣ ጎማውም ጎኑ ላይ እንቁላል ያወጣል። የፊትና የኋላው ስፋት ስለሚለያይም የኋላው ቶሎ ሲያልቅ ወደ ፊት አዙሮ ማመጣጠን አይቻልም። ያችው መኪና በ18 ኢንች፣ አራቱም 225/45 ሆኖ ስትመጣ ግድግዳው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ጎማዎቹም ይዘዋወራሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ የምትመልሱት መኪና ላይ ትንሹ ቸርኬ ኪስን ያድናል፤ ሻጩ ግን ትልቁን ነው የሚያሳያችሁ፣ ፎቶ ላይ ያምራላ።

ስኮርታም ፈልጉ። በዚህ ክፍል ያሉ ብዙ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም፤ በምትኩ ተንፍሶም የሚሄድ ጎማ ወይም የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ይዘው ይመጣሉ። ተንፍሶ የሚሄደው ጎማ በአብዛኛው በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያደርሳችኋል፤ ባዶውን ከተነዳ በኋላ ግን ብዙ ጎማ ቤት አይለጥፈውም፣ አዲስ መግዛት ነው። ይህንን ወርሃዊ ክፍያው ላይ የሚጽፍላችሁ የለም።

በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄዱ፣ በሶኬት የሚሞሉ ድብልቆችም አሉ። ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ በየቀኑ ለሚሞላ ሰው እውነትም ይጠቅማሉ። ባትሪው የሚተኛው ግን የዕቃ መጫኛው ሥር ነው። ተራዋ 3 ሲሪስ 480 ሊትር ስትይዝ ድብልቋ 330ኢ 375 ብቻ ትይዛለች፤ ሲ ክላስ ከ455 ወደ 315 ትወርዳለች። የሕፃን ጋሪ የሚጭን ሰው ይህን መፈረሚያው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ጋሪውን ይዞ ሄዶ ይሞክረው። ሲ ክላስን የሚያስቡ ደግሞ ከ2021 ወዲህ የወጣው ትውልድ ሙሉ በሙሉ ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ እንደመጣ ይወቁ፤ ለስላሳ ስድስት ሲሊንደር የሚፈልግ ሰው በዚያ ዘመን የተሸጡትን ኤም340 ዓይነት 3 ሲሪሶች ነው ማየት ያለበት። ኦዲ ኤ5 የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ስለሚከፈት ትልቅ ዕቃ ማስገባት ይቀላል። ሌክሰስ ኢኤስ 300ኤች በመንዳት ደስታ ጀርመኖቹን አትስተካከልም፤ ዋጋዋን በመያዝ ግን ስም ያላት ናት፣ ሊዝ ላይ የሚቆጠረውም እሱ ነው።

ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ የሆኑትን ሊዝ መውሰድ ሞኝነት ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቴስላ በ2023 መጀመሪያ ዋጋውን በኃይል ሲቀንስ ያገለገሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ዋጋ አብሮ ወረደ። የገዛ ሰው ኪሳራውን ራሱ ዋጠው፤ ሊዝ የወሰደው ግን ቁልፉን መልሶ ሄደ፣ ቀሪውን ዋጋ በስህተት የገመተው አከራዩ ነውና። በ2021 እና በ2022 ደግሞ በቺፕ እጥረት ምክንያት ያገለገለ መኪና ውድ ሆኖ ብዙ የሊዝ መኪና ውሉ ላይ ከተጻፈው ቀሪ ዋጋ በላይ አወጣ። ስለዚህ መኪናዋን በቀሪው ዋጋ የመግዛት መብታችሁ ውሉ ውስጥ መጻፉን፣ ለሦስተኛ ወገን መሸጥ መፈቀዱንም አንብቡ፤ በዚያ ጊዜ ይህን የዘጉ አከራዮች ነበሩ።

በየወሩ የሚከፈል አገልግሎትም ተሰግስጓል። ቢኤምደብሊው በ2022 አንዳንድ አገር ውስጥ መኪናው ላይ አስቀድሞ የተገጠመውን የወንበር ማሞቂያ በወር ክፍያ ሊያስከፍት ሞክሮ ሰው ስለተቆጣ በ2023 ተወው። አሠራሩ ግን አልጠፋም። የካርታው፣ የስልክ መተግበሪያውና የመንዳት ረዳቱ ነጻ ጊዜ ስንት ወር እንደሆነ ጠይቁ። ውሉ 36 ወር ሆኖ ነጻው 12 ከሆነ የቀረው 24 ወር የእናንተ ዕዳ ነው።

መመለሻው ቀን ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። መርማሪው መኪናዋን በእጅ ባትሪ እየዞረ ያያል። ቸርኬው በመንገድ ጠርዝ ተፍቆ እንደሆነ በጣቱ ይዳስሳል፣ በመለኪያ የጎማውን ጥርስ ጥልቀት ያነብባል፣ ቁልፍ ይቆጥራል። ሕጉ በብዙ አገር 1.6 ሚሊ ሜትር ሲፈቅድ የሊዝ ውል ብዙውን ጊዜ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል፤ በሕግ ጤነኛ የሆነ ጎማ በውሉ ያስቀጣል። ሁለተኛው ቁልፍ ከጠፋ፣ የመሙያ ገመዱ ከጎደለ፣ አንዱ ሰርቪስ ካልተመዘገበ ሁሉም ዋጋ አለው። ስለዚህ ውሉ ከማለቁ ከአንድ ወር ተኩል በፊት ቅድመ ምርመራ ጠይቁና ዝርዝሩን በጽሑፍ ውሰዱ። ቀለሙ ያልተነካ ስርጉድ ያለ ቀለም ሥራ ይወጣል፣ የተፋቀ ቸርኬም ይታደሳል። ውጭ አሠርታችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ አከራዩ የሚጠይቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከጋራዡ ይበልጣል። መኪናዋን ስታስረክቡም በዚያው ሰዓት ዙሪያዋን፣ አራቱን ቸርኬና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በቪዲዮ ቅረጹ። የመመለሻ ክፍያ የሚባል አለ፤ ስንት እንደሆነ ስትፈርሙ ነው የሚጠየቀው።

ከመፈረማችሁ በፊት ለሻጩ የምታቀርቡት ጥያቄ ይኸው፦ የተስማማንበት ዋጋ ስንት? ቀሪው ዋጋ በመቶኛም በገንዘብም ስንት? ማባዣው ስንት? ውሉ ሲከፈት የሚጠየቀው መግቢያና መመለሻው ክፍያ ስንት? ትርፍ ኪሎ ሜትሩ በአንዱ ስንት? በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ። ከዚያ ቅድመ ክፍያውን፣ ወርሃዊውን ሁሉ፣ መግቢያና መመለሻውን ደምሩና ለወሩ አካፍሉት፤ ለምታወዳድሩት ሞዴል ሁሉ እንዲሁ አድርጉ። ወረቀቱን ይዛችሁ ልትወጡ ስትሉ «ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» ካላችሁ፣ ተነሡና ሌላ ቦታ ሂዱ።