ረቂቅን ለመቶ ወኪል መበተን ድፍረት ሆኖ ሲቆጠር

በቅርቡ በአሜሪካ ለሚኖሩና በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በተዘጋጀ የዙም ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ ደራሲ የሰጡት ምክር ከዚያ ቀን ወዲህ በየቴሌግራም ቡድኑ እየተዘዋወረ ይገኛል። እንደ እርሳቸው አባባል፣ ረቂቁን ለሥነ ጽሑፍ ወኪል፣ ማለትም ደራሲውን ወክሎ መጽሐፉን ለአሳታሚ ለሚሸጥ ባለሙያ፣ ከመላኩ በፊት ወኪሉ ምን እንደሚወድ የሚያጠና ደራሲ ለገበያ ያጎበደደ ነው፤ እውነተኛ ደራሲ ልቡ ያዘዘውን ይጽፋል፣ መጽሐፉን የሚያስተዋውቀውን ደብዳቤም በአንድ ሌሊት ለመቶ ወኪል ይልካል፣ ሥራው ጥሩ ከሆነም ባለቤቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ያጣ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ይዘዝ ተባለ። ጭብጨባውን ለሰማ ሰው አንድ ታላቅ ነጻነት የታወጀ ይመስል ነበር። እኔ ግን ይህን ያህል ጎጂ ምክር በዚህን ያህል ልበ ሙሉነት ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም።

ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ ደካማው አብዝቶ የተጨበጨበለት ነበር። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ወኪሏን ያገኘችው ከማውጫ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ ደስ ስላላት ብቻ ነው፣ ጣዕሙን ስታጠና አልዋለችም፣ ተባለ። ክሪስቶፈር ሊትል የሚለውን ስም ወድዳው እንደመረጠችው ራሷ መናገሯ እውነት ነው። ተናጋሪው የዘለሉት የታሪኩን ቀሪ ግማሽ ነው። የሊትል ቢሮ የልጆች መጽሐፍ አይሸጥም ነበር፤ በዚህም ምክንያት የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ ምዕራፎች ያረፉት ውድቅ በሚደረጉት ክምር ላይ ነው። ከዚያ ያነሣቻቸው ብራዮኒ ኢቨንስ የምትባል የቢሮው ወጣት ሠራተኛ ናት፤ አነበበች፣ ወደደች፣ አለቃዋንም አሳመነች። ታዲያ ይህ ታሪክ ለማን ይመሰክራል? ተቀባዩ ምን እንደሚሸጥ ሳይታወቅ የተላከ ሥራ፣ ያውም ያን የመሰለ ሥራ፣ መጀመሪያ የሚወድቀው የት እንደሆነ ያሳያል፤ ከወደቀበት የሚያነሣውም የአንድ ሰው ጣዕም ብቻ መሆኑን ያሳያል። ሮውሊንግን ዕድል ረዳት። በየቢሮው አንዲት ብራዮኒ ተቀምጣ ትጠብቃችኋለች ብሎ ወጣቶችን ማሰማራት ግን ኃላፊነት የጎደለው ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሆነው የተጠሩት ሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ ወኪል ነበራቸው ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አልነበራቸውም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም በአገራችን እንዲህ ያለ ሙያ አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን የአማርኛ ደራሲ ረቂቁን ይዞ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ማተሚያ ቤት ነው፣ ወጪውንም ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ከራሱ ኪስ ወይም ከወዳጅ በተገኘ ብድር ነው። በሌለ ሙያ አልተጠቀሙም ብሎ ሀዲስን መጥቀስ ክርክር አይባልም። የሌላውን ጣዕም ማጥናት ግን ለእኛ ደራስያን እንግዳ ነገር አልነበረም። በደርግ ዘመን የሚጠናው የሳንሱር ሹሙ ጣዕም ነበር፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ እንደተሰበሰበ፣ ደራሲውም ብዙ ሳይቆይ እንደወጣ እንደቀረ የሚያውቅ ትውልድ ማጎብደድ የሚለውን ቃል ለዚያ ዓይነቱ ጥናት ቢያቆየው ይሻላል። የኒውዮርክ ወኪል ረቂቅ ብትመልስ የሚከተለው ቅጣት የሁለት መስመር ኢሜይል ነው።

ስህተቱ ሁሉ የሚመነጨው የወኪል ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ካለመረዳት ይመስለኛል። በአሜሪካ አንዲት ወኪል (የዚህ ሙያ ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ በሴት አንቀጽ ብጽፍ አልተሳሳትኩም) ከደራሲው አስቀድማ አንዲት ሳንቲም አትቀበልም፤ የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ማኅበርም አባላቱ የማንበቢያ ክፍያ እንዳይጠይቁ በሥነ ምግባር ደንቡ ይከለክላል። ገቢዋ ከተሸጠው መጽሐፍ ላይ የሚቆረጥ ኮሚሽን ነው፤ በአገር ውስጥ ሽያጭ 15 በመቶ፣ በውጭ አገር መብቶች አብዛኛውን ጊዜ 20 በመቶ። እንበልና የአንድ ጀማሪ ልብ ወለድ አሳታሚው አስቀድሞ ለደራሲው በሚከፍለው የ20,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ተሸጠ። የእርሷ ድርሻ 3,000 ዶላር ይሆናል፤ እሱም ውሉ ሲፈረም፣ የመጨረሻው ረቂቅ ሲረከብና መጽሐፉ ሲወጣ እየተቆራረሰ ይደርሳታል። ለዚህች ገንዘብ ረቂቁን ደጋግማ ታነባለች፣ ገጽ በገጽ አስተያየት ትጽፋለች፣ ደራሲው እስኪያስተካክል ወራት ትጠብቃለች፣ ከዚያም ለአርታኢዎች እየዞረች ታቀርባለች፣ የእምቢታውን ደብዳቤ ሁሉ ትቀበላለች። ሳይሸጥ ከቀረ ድካሟ በከንቱ ነው። በእንዲህ ያለ ስሌት ውስጥ ሰውን ከአንድ መጽሐፍ ጋር ሁለት ዓመት የሚያቆየው ያንን መጽሐፍ መውደድ ብቻ ነው። ጣዕሟ እንግዲህ የሥራ መሣሪያዋ ነው፤ ምናልባትም ያላት ብቸኛ መሣሪያ። ይህን ንቆ ሥራዬ ጥሩ ስለሆነ ትውደደው ማለት የማያውቁትን ሰው ለሁለት ዓመት ነጻ ጉልበት መጠየቅ ነው፤ ያውም ስሟን እንኳ በትክክል ሳይጽፉ።

ከዚህም በላይ የወኪል ጣዕም በግል ምርጫ አያበቃም፤ በሯ ወዴት እንደሚከፈት የሚናገር ነው። አምስቱ ታላላቅ አሳታሚዎች፣ ማለትም ፔንግዊን ራንደም ሃውስ፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር፣ ሃሼትና ማክሚላን፣ በጥቅሉ ያለ ወኪል የመጣ ልብ ወለድ አይቀበሉም። ወኪሏ የምትጠቅመው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የትኛው አርታኢ የትኛውን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚፈልግ ስለምታውቅ ነው፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ በምትወደውና በምትሸጠው ዘርፍ ብቻ ነው። የምግብ ዝግጅት መጻሕፍት ስትሸጥ ለኖረች ወኪል የዓድዋን ዘመን ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚልክ ሰው ከብት ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል። በአጋጣሚ ብትወደው እንኳ ለማን እንደምትደውል አታውቅም። የጅምላ መላኩ ጉዳት በዚህ አያበቃም። አንዳንድ ኤጀንሲዎች አንዱ ወኪላችን ያልተቀበለውን ሁላችንም አልተቀበልነውም የሚል ደንብ አላቸው፤ በአብዛኛውም አንዴ የተመለሰ ረቂቅ በጉልህ ካልተለወጠ በቀር ዳግም አይነበብም። በአንድ ሌሊት መቶ ደብዳቤ የላከ ሰው ደብዳቤው ደካማ መሆኑን የሚያውቀው የሚልክበት ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ግን ምክሩ ለእኛ ልጆች መሰጠቱ ነው። ሊ ኤንድ ሎው የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባካሄደው የዘርፉ ጥናት ከሥነ ጽሑፍ ወኪሎች 80 በመቶ ያህሉ ነጮች ሆነው ተገኝተዋል። ከእነዚህ መካከል ኢትዮጵያ ሲባል ከ77ቱ ድርቅ ሌላ ምስል የማይመጣላቸው ጥቂት አይደሉም ብል የሚከራከረኝ የለም። እንበልና አንዲት ልጅ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ በሌሊት ተረኛነት ስለሚሠራ ሰው ቀልደኛ ልብ ወለድ ጻፈች፤ ወይም ፒያሳ ላይ የሚፈጸም የወንጀል ታሪክ። የስደተኛ ድምፅ እፈልጋለሁ የሚል ማስታወቂያ የለጠፈች ወኪል ረቂቁን አንብባ ጦርነቱስ የት አለ፣ እናትየዋ ለምን አላለቀሰችም ብትላት ልጅቱ ምን ታደርጋለች? ጣዕም ሳታጠና የላከች ልጅ የመጀመሪያውን እሺታ በማግኘቷ ተደስታ መጽሐፏን ታስለቅሳለች። አጥንታ የላከች ግን ያቺ ወኪል ባለፉት ዓመታት የሸጠቻቸው ሁሉ የሰቆቃ ትዝታዎች መሆናቸውን አስቀድማ አይታ ስሟን ከዝርዝሯ ሰርዛ ነበር። ማጎብደድ የሚመጣው እንግዲህ ካለማወቅ ነው። ልቡ ያዘዘውን የጻፈ ደራሲ ያንን ልብ ሊያስለውጠው የሚችለውን ሰው መለየት አለበት፤ ጥናቱም በዋናነት የሚያገለግለው ለዚሁ ነው። አንጋፋው ደራሲ ስለ ነጻነት ሲናገሩ ከነጻነት መጠበቂያዎች ሁሉ ርካሹን አስጣሉ።

ጥናቱ ደግሞ ምስጢር አይደለም። ከራስህ ሥራ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጡ መጻሕፍትን አንብበህ የምስጋና ገጻቸውን ትገልጣለህ፤ ደራሲ ወኪሉን ሳያመሰግን የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ወኪሎች የሚሹትን የረቂቅ ዓይነት የሚዘረዝሩበት ማኑስክሪፕት ዊሽ ሊስት የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ግን ይህን በጥርጣሬ አንብበው፣ ሰው እወዳለሁ የሚለውና ገንዘቡን የሚያወጣበት ይለያያሉ። ለእውነቱ የሚቀርበው የሸጡት ዝርዝር ነው፤ ፐብሊሸርስ ማርኬትፕሌስ የተባለው ድረ ገጽ በክፍያ የሚያሳየው ማን ለማን ምን እንደሸጠ ነው፣ የገንዘቡን መጠን እንኳ በተለመዱ ስያሜዎቹ ይጠቁማል፤ «ናይስ ዲል» ከተባለ ከ50,000 ዶላር በታች ነው፣ «ሜጀር ዲል» ከ500,000 ይጀምራል። ተመሳሳይነት ሁልጊዜ እንደማይጠቅምም ልብ በል። መዓዛ መንግሥቴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለተዋጉ ሴቶች የጻፈችው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ከሆነ ወዲህ ስለዚያው ጦርነት የጻፈ ሁሉ ወደ እርሷ ወኪል ይሮጣል ብዬ እገምታለሁ፤ በእጇ አንድ ያላት ወኪል ግን የራሷን ደራሲ ከራሷ ደራሲ ጋር ማሻማት አትወድም። ከዚያ ይልቅ በዚያው ስሜት ውስጥ ያለች፣ ግን ከቅርጫቷ ይህ ዓይነቱ የጎደለባት ይሻላል። ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የሚወስደው ጊዜ መጽሐፉን ለመጻፍ ከወሰደው አንጻር እዚህ ግባ አይባልም፤ አራት ዓመት የጻፉ ሰዎች አንድ ወር ለማንበብ ጊዜ የለንም ሲሉ መስማት ይገርመኛል።

በፍጹም ጥናትም ቢሆን ብዙ እምቢታ እንደሚመጣ አልክድም፤ የወኪል ጣዕም የጠዋት ስሜት ጭምር አለበት። ይህ ግን የሚደግፈው እኔን ነው። ከአሥር የተመረጡ ወኪሎች አሥሩም የመጀመሪያዎቹን 5 ገጾች አንብበው ከመለሱት ችግሩ ገጾቹ ላይ መሆኑን ደራሲው ያውቃል፤ አስተካክሎም ለቀጣዮቹ አሥር ይልካል። መቶ ጊዜ በጭፍን የላከ ሰው ግን መጽሐፉ ይሁን፣ ደብዳቤው ይሁን፣ የላከበት ሰው ይሁን የጎዳው፣ ምንም ሳያውቅ ይቀራል፤ ከዚያም ወደ ቴሌግራም ተመልሶ ፈረንጅ ስማችንን አይቶ ይጥላል ይላል። ይጥል ይሆናል። በዚህ አኳኋን ለላከ ግን ማረጋገጫ የለውም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የማስተዋወቂያ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። አንድ ገጽ ስለ ራሱ መጽሐፍ መጻፍ የታከተው ደራሲ የተቀሩት 300 ገጾች የእርሱ ስለመሆናቸው ጥያቄ ይጋብዛል፤ በርካታ ወኪሎችም በማሽን የተጻፈ ነገር እንደማይቀበሉ በመመሪያቸው ላይ በግልጽ ጽፈዋል። ያን መመሪያ ለማየት ግን መጀመሪያ የወኪሉን ገጽ መክፈት ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ማጎብደድ ተብሏል።

የውይይቱ አዘጋጆች በቀጣዩ ወር ሁለተኛ ክፍል እንደሚኖር ገልጸዋል። በዚያ ቀን መድረኩን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ በወኪል በኩል አልፎ፣ መጽሐፉን ለሸጠ ሰው ይስጡት፤ አንጋፋው ደራሲም ከመቶዎቹ ደብዳቤዎች ስንቱ መልስ እንዳገኘ ለተሰብሳቢው ይንገሩ።