የሂት ቀመር የለም፤ «አይሆንም» የሚል ጆሮ ግን አለ

«በአንድ ወር ውስጥ ሂት ዘፈን መጻፍ ይማሩ» የሚል ማስታወቂያ ስልኬ ላይ ብቅ ሳይል የሚያልፍ ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። አንዱ የማይከሽፉ ኮርዶች አሉኝ ይላል። ሌላው የቃላት ዝርዝር ይሸጣል። አንዱማ በስንተኛው ሰከንድ ምን መምጣት እንዳለበት በሠንጠረዥ አስቀምጦታል። በሌላ በኩል ደግሞ «ዘፈን ተሰጥኦ ነው፤ ወይ አለህ ወይ የለህም» የሚሉ አሉ። እነዚህኛዎቹ ቢያንስ ገንዘብ አይጠይቁም።

እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ብዙ ሰው የሚወደውና የሚሸጥ ዘፈን መጻፍ ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ይማሩታል። ግን ሙያውን በደንብ የተማሩት ሰዎች ቀመር ሲያጠኑ አልከረሙም። የተማሩት መጣልን ነው። ብዙ ጻፉ፣ ክፉ ጆሮ ላለው ሰው አሰሙ፣ «አይሆንም» ተባሉ፣ እንደገና ጻፉ። አሰልቺ ይመስላል፤ ማስታወቂያ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

የአሜሪካውን የሙዚቃ ኩባንያ ሞታውንን ውሰዱ። መሥራቹ ቤሪ ጎርዲ ዲትሮይት ውስጥ የፎርድ ኩባንያ መኪና መገጣጠሚያ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ለድምፃዊው ጃኪ ዊልሰን ዘፈን መጻፍ ጀመረ። ዘፈኖቹ ተወደዱ፣ ኪሱ ግን አልሞላም። በ1959 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ የራሱን ሥራ ጀመረ። ስለ ሞታውን ሲወራ ሁሌም የሚነሡት ድምፃውያኑ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ የዓርብ ጠዋቱ ስብሰባ ነው። የሳምንቱ ቅጂዎች ይቀርባሉ፣ ይደመጣሉ፣ ድምፅ ይሰጥባቸዋል። ጎርዲ የሚጠይቀው ጥያቄ ደግሞ ታዋቂ ነው፦ ርቦህ ኪስህ ውስጥ የቀረው አንድ ዶላር ብቻ ቢሆን፣ ይህን ሸክላ ትገዛለህ ወይስ ሳንድዊች?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ ጭካኔ አለበት። «ዘፈኑ ጥሩ ነው?» ቢባል ሁሉም አዎ ይላል። ጓደኛ ለጓደኛ ሌላ ምን ይላል? ሳንድዊቹ ሲመጣ ግን ይሉኝታው ይቀራል።

ይህን ስብሰባ እንደ ትምህርት ቤት የተጠቀመበት ሰው አለ፤ ኖርማን ዊትፊልድ። ገና ወጣት ሳለ ሞታውን የገባው የሌሎችን ቅጂ እየሰማ ደረጃ እንዲሰጥ ተቀጥሮ ነው። ሥራው መስማት ነበር። በየሳምንቱ የወደቀውንና ያለፈውን ጎን ለጎን የሰማ ሰው ጆሮው ምን ያህል እንደሚሳል ገምቱ። ዊትፊልድ ከኩባንያው ትልልቅ የዘፈን ጸሐፊዎችና ፕሮዲውሰሮች አንዱ ለመሆን በቃ።

እዚህ ላይ ለእኔ ሐሳብ የማይመች ታሪክ አለ፤ እሱንም ልንገራችሁ። ዊትፊልድ ከባሬት ስትሮንግ ጋር የጻፈውን አንድ ዘፈን ድምፃዊው ማርቪን ጌይ ተጫወተው። በነጠላ እንዲወጣ ሲቀርብ ተቀባይነት አጣ። በ1968 አልበም ውስጥ እንደ አንድ ተራ ሥራ ገባ። የሬዲዮ ሰዎች ከአልበሙ መዘው ደጋግመው ሲያጫውቱት ኩባንያው ሳይወድ በግድ በነጠላ አወጣው፤ 7 ሳምንት አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆኖ ቆየ። የሠለጠነ ጆሮም ይሳሳታል ማለት ነው። የቱ ዘፈን ሂት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ስብሰባው ምን ረባ? ደካማው ዘፈን እንዳያልፍ አደረገ። የትኛው እንደሚያሸንፍ ባይታወቅም፣ ተሸናፊው ብዙውን ጊዜ ያስታውቃል።

በ1990ዎቹ ደግሞ ስዊድን፣ ስቶክሆልም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ሼይሮን የሚባል ስቱዲዮ ነበር። ዋናው ሰው ዴኒዝ ፖፕ ነው፤ ከዲጄነት የመጣ። ዲጄ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ዲጄ ሰው በየትኛው ቦታ ላይ እጁን እንደሚያነሣ፣ በየትኛው ደግሞ ወደ ወንበሩ እንደሚመለስ በዓይኑ ያያል። ወደዚህ ስቱዲዮ አንድ የሄቪ ሜታል ዘፋኝ መጣ። ሁለት ዓመት ያህል ስቱዲዮ ውስጥ ቀን ከሌት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሲያይና ሲሞክር ከረመ። ዴኒዝ ፖፕ በ1998 በ35 ዓመቱ ሲሞት፣ ያ ልጅ ማክስ ማርቲን ተብሎ በዓለም መታወቅ ጀምሮ ነበር። ዛሬ በጻፋቸው ከ25 በላይ ዘፈኖች የአሜሪካን ቢልቦርድ የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ አናት ይዟል። ልጅ ሳለ ሙዚቃ የተማረው በስዊድን የመንግሥት የሙዚቃ ትምህርት ነው፤ ለዚያም ባለውለታ መሆኑን በይፋ ተናግሯል። ተሰጥኦ ብቻውን ያመጣው ነገር አይደለም።

ማክስ ማርቲን ስለሚታወቅበት የቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ቆጠራ ጥቂት ልበል፤ ቀመር ፈላጊዎች የሚንጠለጠሉት እሱ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ስንኝ ስምንት ቀለም ካለው፣ ተጣማሪው ስንኝም ያንኑ ያህል እንዲኖረው፣ ጫናውም እዚያው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ይፈልጋል። ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ዜማውን ካጣመመ ይወጣል። ይህ ለግጥም ሰው ያማል። ግን አንድ ሰው መኪና እየነዳ፣ ሳያስበው፣ አብሮ ሊያንጎራጉር የሚችለው መስመሩ ሲገጥም ብቻ ነው።

ነገር ግን ቆጠራ በራሱ ዘፈን አያወጣም። ላሳያችሁ። እነዚህ ሁለት ስንኞች አሁን የሠራኋቸው ናቸው፦

ፍቅርሽ በልቤ ውስጥ እንደ እሳት ነደደ፣
ትዝታሽ ሌሊቱን እንቅልፌን ወሰደ።

ልኩ ልክ ነው፤ ስድስት በስድስት ይሄዳል። ቤትም ይመታል። ግን የማን ነው? የማንም። እሳት፣ ልብ፣ ትዝታ፣ እንቅልፍ፤ ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል። አሁን ይህን እዩ፦

ስልኬን በግንባሩ ደፋሁት አልጋ ላይ፣
መልሼ አነሣሁት ደውለሽ እንደሁ ላይ።

ልኩ ያው ነው። ስሜቱም ያው ነው፤ አንድ ሰው ናፍቋል፣ አልተኛም። «ናፈቅሽኝ» የሚል ቃል ግን የትም የለም። የሚታይ ነገር አለ፤ ስልክ፣ አልጋ፣ እጅ። አድማጩ ራሱ ያደረገው ነገር ስለሆነ «ይሄ እኔ ነኝ» ይላል። ትልቅ ግጥም ነው እያልኩ አይደለም። ከመጀመሪያው ግን ይሻላል፤ የተሻለውም ተሰጥኦ ከሰማይ ወርዶ ሳይሆን የመጀመሪያውን ስለጣልኩት ነው።

«ግን ከእሳቱ ግጥም የባሰ ቃል ይዘው ሂት የሆኑ ዘፈኖች ሞልተዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሞልተዋል። ዜማው ተሸክሟቸው ነው። ጀማሪ ግን ያን ያህል የሚሸከም ዜማ በየቀኑ አያገኝም።

ሌላም በወረቀት የማይታይ፣ ሲዘፈን ብቻ የሚገለጥ ነገር አለ። ከፍ ብሎ ረዘም የሚል ኖታ ላይ በሳድስ የሚዘጋ ቃል አስቀምጡና ዘፋኙን ተመልከቱት። ድምፁን የሚያሳርፍበት ያጣል። «ና» በሚል ቃል የሚያልቅ ስንኝ ስጡት፣ አፉን ከፍቶ እስከፈለገው ድረስ ይጎትተዋል። ብዙ ጥሩ ገጣሚዎች ዘፈን ላይ የሚቸገሩት እዚህ ጋ ይመስለኛል። የጻፉት ለዓይን ነው።

ስለ መግቢያ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን አላስረዝመውም። ሙዚቃ በኢንተርኔት በሚደመጥበት ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን «ተደመጠ» ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ቶሎ ወደ አዝማቹ ለመድረስ ይጣደፋል። ነገሩ ግን በስትሪሚንግ ብቻ የመጣ አይደለም። የአሜሪካን ምርጥ 10 ዘፈኖች ከ1986 እስከ 2015 ያጠና አንድ ተመራማሪ፣ መጀመሪያ ላይ በአማካይ ከ20 ሰከንድ በላይ የነበረው መግቢያ መጨረሻ ላይ ወደ 5 ሰከንድ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ትዕግሥታችን ያለቀው ቀስ በቀስ ነው። ለጸሐፊ የሚቀረው ትምህርት ይኸው ነው፦ የምትለው ካለህ ቶሎ በለው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ስብሰባ የሌለው፣ ስቱዲዮ የማያውቀው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይህን እንዴት ይማር? እኔ የማውቀው መንገድ አድካሚ ነው። የምትወዱትን ሳይሆን ብዙ ሰው የወደደውን አንድ ዘፈን ውሰዱ። ባትወዱት ይሻላል፤ ፍቅር ጆሮ ይደፍናል። በእጃችሁ ገልብጡት። አዝማቹ በስንት ሰከንድ ገባ? ከአዝማቹ በፊት ምን ተቀነሰ? ከበሮው ወጣ? ድምፁ ዝቅ አለ? ሁለተኛው የግጥም አንጓ ከመጀመሪያው ምን አዲስ ነገር ነገረን? ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሐሳብ በሌላ ቃል ይደግመዋል፤ ታሪኩ ቆሞ ይቀራል። ከዚያ በዚያው አጽም ላይ የራሳችሁን ቃልና የራሳችሁን ዜማ ሥሩ። ለማውጣት አይደለም፣ ለመማር ነው። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ጣሉት። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ሰውን የምታስጨንቀው። የጻፍነውን ሁሉ ልናወጣው እንፈልጋለን፤ ዛሬ ደግሞ ማውጣት በጣም ቀሏል።

አጋርም ፈልጉ። ዜማ የምትሠሩ ከሆነ ግጥም የሚጽፍ፣ ግጥም ከሆነ ዜማ የሚያወጣ። የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል በሆነችው ናሽቪል ውስጥ ጸሐፊዎች ሁለትና ሦስት ሆነው ልክ እንደ ቢሮ ሥራ በቀጠሮ ተገናኝተው ይጽፋሉ። ጥቅሙ ሐሳብ መደመር ብቻ አይደለም። ፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ ማየት ነው። የሚያደንቃችሁን ሰው አጋር አታድርጉ፤ ለእሱ ዘፈኑ ሲያልቅ ታሰሙታላችሁ። እርግጥ ዳያን ዋረን አለች፤ ለአሥርተ ዓመታት ብቻዋን እየጻፈች ሂት በሂት የሆነች። እሷን አይቶ «እኔም ብቻዬን» የሚል ሰው ግን ሥራዋን የምትሠራው በየቀኑ ቢሮ እየገባች መሆኑንም አብሮ ይይ።

ይህን ሁሉ ማሽን ይሠራልኛል የሚልም መጥቷል። እውነት ነው፣ ዛሬ ሁለት መስመር ጽፋችሁ ሙሉ ዘፈን የሚሰጥ ሶፍትዌር አለ። የሚያወጣው ግን በአብዛኛው ያንን የእሳቱን ግጥም ነው፤ ልኩን የጠበቀ፣ ቤት የሚመታ፣ የማንም ያልሆነ። አማካይ ዘፈን በነፃ ከተገኘ አማካይ ዘፈን ጽፎ እንጀራ መብላት ከባድ ይሆናል። መምረጥና መጣል የሚችል ጆሮ ግን የባሰ ይወደዳል እንጂ አይረክስም ባይ ነኝ።

ስለ ገንዘቡ ሳልናገር ብቀር «የሚሸጥ ዘፈን» ማለቴ ውሃ አያነሣም። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንዱ ግጥሙና ዜማው፣ ሌላው ስቱዲዮ የተቀዳው ድምፅ። አሜሪካ ውስጥ ተራ የኤፍኤም ሬዲዮ አንድ ዘፈን ሲያጫውት ለጸሐፊው ይከፍላል፤ ለዘፋኙ ግን አይከፍልም። የካንትሪ ዘፋኝና ጸሐፊዋ ዶሊ ፓርተን በ1974 ያወጣችውን ዘፈን ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር። ማናጀሩ የዘፈኑን የኅትመት መብት (የግጥሙንና የዜማውን ማለት ነው) ግማሽ ጠየቀ። ኤልቪስ ነው እንግዲህ፤ ማን እንቢ ይላል? እሷ እያለቀሰች እንቢ አለች። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ያንኑ ዘፈን ለፊልም ስትጫወተው መላው ዓለም ሰማው፣ መብቱም ሙሉ በሙሉ በዶሊ እጅ ነበር።

ሁላችንም ዘንድ ኤልቪስ አይመጣም። የሚመጣው ጓደኛ ነው። ሦስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ጻፋችሁ እንበል። አንዱ ቢቱን (የምት ቅንብሩን) ይዞ መጣ፣ አንዱ የአዝማቹን ዜማ አንጎራጎረ፣ አንዱ ግጥሙን ጨረሰ። ቢቱን የሠራው ከግጥምና ዜማው መብት ድርሻ አለው ወይስ ከቅጂው ብቻ? አንድ ቃል የቀየረውስ? መልሱ እንደ ስምምነታችሁ ነው፤ ግን ከክፍሉ ሳትወጡ በመቶኛ ተጽፎ፣ ስምና ቀን ያለበት፣ ሁሉም የፈረመበት ወረቀት ይሁን። ገና ማንም ያልሰማውን ዘፈን መካፈል አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከተወደደ በኋላ ግን ዜማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ የማይል ሰው አታገኙም።