ግምት ነው ወይስ ስህተት?

ነገሩ የተነሳው ከአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ነው። የባንኩን ስም ትተነዋል። ባንኩ በ2016 በጀት ዓመት ለአንድ ቡና ላኪ ያበደረውን ገንዘብ «የመመለሱ ነገር ያጠራጥራል» ብሎ ትልቅ መጠባበቂያ ያዘበት፤ ማለትም ብድሩ ባይመለስ ብሎ ከትርፉ ላይ አስቀድሞ ቀነሰ። ትርፉ ወረደ፣ የትርፍ ድርሻውም አብሮ ወረደ። በ2017 ሪፖርት ያው መጠባበቂያ ወደ ገቢ ተመለሰና ትርፉ ተተኮሰ። በመሀል አክሲዮናቸውን የሸጡ አሉ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር የሆኑ ባለአክሲዮንና በኦዲት ሥራ ላይ ያለች ወጣት (ባንኩን ግን ኦዲት አላደረገችም) በጉዳዩ ተጻጽፈዋል።

ባለአክሲዮኑ፦

እህቴ አክሲዮኗን የሸጠችው በጥር 2017 ነው። ለሕክምና ቸግሯት። ገዢው የ2016ቱን ሪፖርት ይዞ ቤቷ መጣ። «እትዬ፣ ባንኩ እኮ ተዳክሟል፣ ይዩት» ብሎ ትርፉ ያለበትን ገጽ በጣቱ አሳያት። አልዋሸም፤ ቁጥሩ የሚለው እንደዚያ ነው። እሷም አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ፣ አንዲት ሳንቲም ሳትጨምር ለቀቀችለት።

ዓመት ሳይሞላ ያ «ያጠራጥራል» የተባለው ብድር ተከፍሎ አለቀ። በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ከብድር መጠባበቂያ የተመለሰ»። በቃ።

በኅዳሩ ጉባዔ እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ አምልጦት ላኪው መክፈል የጀመረው በነሐሴ 2016 መሆኑን ተናገረ። ቦርዱ የ2016ን ሒሳብ ያጸደቀው ደግሞ በጥቅምት 2017 ነው። ብሩ ሲገባ እያዩ «ያጠራጥራል» ብለው ፈረሙ ማለት ነው። ይሄ በእኔ ቤት ግምት አይባልም። ስህተት ነው። ስህተት ከሆነ ደግሞ የ2016ቱ ሒሳብ ተከፍቶ ይታረም፤ በዚያ ቁጥር የሸጡትም ይጠይቁ።

ኦዲተሯ፦

ጋሼ፣ ለእህትዎ አዝኛለሁ። ግን ቀኖቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሒሳቡ የተዘጋው ሰኔ 30 ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ነው። 22 ቀን ብቻ። ሰኔ 30 ላይ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት ቡና ላኪ እንዴት ይሠራ እንደነበር እርስዎም ያውቃሉ። ቡናውን በኪሳራ ይልካል፣ ኪሳራውን ከውጭ በሚያስመጣው ዕቃ ያካክሳል። ማካካሻው ሲጠፋ የብድሩ ክፍያ ይቆማል። ይሄ ሰው ዕዳው በብር፣ ገቢው በዶላር ነው። በሐምሌ መጨረሻ ዕዳው በአንድ ጊዜ ቀለለለት።

ባንኩ የሚከተለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ከመዝጊያ በኋላ የሚሆነውን ነገር በሁለት ይከፍለዋል። ሱቅዎ በሰኔ ተዘርፎ በነሐሴ ካወቁት የሰኔውን ሒሳብ ያርማሉ፤ ዘረፋው የሰኔ ነውና። ሱቅዎ በሐምሌ ቢቃጠል ግን ሰኔ 30 ላይ ሱቁ ነበረዎት፣ ሒሳቡም እንደዚያው ይላል። የምንዛሪ ለውጡ እንደ ሐምሌው ቃጠሎ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ለጥቅም ሆነ። ላኪው የከፈለው በሐምሌ በተለወጠ ዓለም ነው።

በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ የራሱ መለኪያ አለው። ክፍያው ከ180 ቀን በላይ፣ ግን ከ360 ቀን በታች የዘገየ ብድር «አጠራጣሪ» ነው፣ 50 በመቶ ይያዝበታል። ቦርዱ ቢወድም ባይወድም።

ባለአክሲዮኑ፦

የብሔራዊ ባንኩን ተይው ልጄ። እሱን አንብቤዋለሁ። የብሔራዊ ባንክ መጠባበቂያ በዓለም አቀፉ ደረጃ ከተሰላው ሲበልጥ፣ ብልጫው ለብቻው ወደ መጠባበቂያ ካፒታል ይሄዳል እንጂ ከትርፍ ላይ አይቀነስም። እኔ የምልሽ ከትርፉ ላይ የተነሳውን ነው። እሱን የገመተው ባንኩ ራሱ ነው።

ሐምሌ 22ን ግን ጥሩ አነሳሽልኝ። ያው ያልሽው ደረጃ፣ ሒሳቡ ባይታረም እንኳ ትልቁን ነገር በማብራሪያ ግለጹ ይላል፣ አይደለም? በሪፖርቱ ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ስለ ምንዛሪ ማሻሻያው አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈዋል። ፎቷቸውም አለ። ሒሳቡ ማብራሪያ ውስጥ ግን «ይህ ለውጥ በብድሮቻችን ላይ ይህን ያመጣል» የሚል መስመር የለም። ሦስት ጊዜ ፈልጌ አጣሁት።

ኦዲተሯ፦

እሱ ከሌለ ጥፋት ነው። አልከራከርዎትም። ምን ያህል እንደሆነ መገመት ካልተቻለም «መገመት አልተቻለም» ተብሎ መጻፍ ነበረበት።

የማልስማማው ከዚያ ወዲህ ባለው ላይ ነው። ማብራሪያ ጎደለ ማለት ትርፉ ተደበቀ ማለት አይደለም። ቦርዱ ትርፍ ደብቆ ምን ያገኛል? ባንኮች ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ እስከ ሰኔ 2018 ቀነ ገደብ ነበረባቸው። እያንዳንዷን ብር የሚቆጥር ባንክ ትርፉን አሳንሶ ማሳየት አይፈልግም።

ደግሞስ እንዲህ ያለውን ግምት ፍርድ ቤት ይመርምረው ካልን ዳኛው የብድር ስጋት ገማች ሊሆን ነው። ዘንድሮ መጠባበቂያው በዛ ብለው እርስዎ ይከሳሉ። ከርሞ አነሰ ብሎ ሌላው ይከሳል። የአስቀማጩ ገንዘብ መሀል ላይ ነው።

ባለአክሲዮኑ፦

ፍርድ ቤት ገብቶ ያውቃል እኮ። ፎርድ ኩባንያን ውሰጂ። የዶጅ ወንድማማቾች የነበራቸው 10 በመቶ ብቻ ነው። ሔንሪ ፎርድ ትርፍ እያከማቸ ልዩ ክፍያ ሲከለክላቸው ከሰሱት። በ1919 እ.ኤ.አ. የሚቺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለባለአክሲዮኖች እንዲከፋፈል ፈረደ።

እኛ 10 በመቶ የት አባታችን እናገኛለን? የ1952ቱ የንግድ ሕግ 10 በመቶ የያዙ መርማሪ ይሾምልን ማለት ይችላሉ ይል ነበር። የ2000ው የባንክ አዋጅ ደግሞ አንድ ሰው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ከለከለ። ስለዚህ ባንክ ውስጥ ሁላችንም አናሳ ነን። ውክልና የሰበሰበው ብቻ ትልቅ ይሆናል። የሪፖርቱን ጥራዝ የሚሰጡን ደግሞ አዳራሹ በር ላይ፣ ከውኃው ጋር ነው።

የእህቴ ገዢ ማን እንደሆነ ለማጣራትም ሄጄ ነበር። የአክሲዮን ክፍሏ ልጅ «በደብዳቤ ይጠይቁ» አለችኝ። ጠየቅኩ። እስካሁን መልስ የለም።

ኦዲተሯ፦

ያንኑ የፎርድን ፍርድ እስከ መጨረሻው ያንብቡት ጋሼ። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ ይከፋፈል አለ። ፎርድ ሊሠራው ያሰበው አዲስ ፋብሪካ ይታገድ የሚለውን የዶጆችን ጥያቄ ግን አልተቀበለም። ዳኞቹ እኛ የንግድ ባለሙያ አይደለንም ብለዋል። እኔም ያልኩት እሱን ነው።

የገዢው ነገር ግን ሌላ ክስ ነው፣ ከሒሳቡ ጋር አያደባልቁት። ገዢው የነሐሴውን ክፍያ ከውስጥ ሰምቶ ከሆነ የ2013ቱ የካፒታል ገበያ አዋጅ የውስጥ መረጃ ይዞ መነገድን ይከለክላል። እሱን ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ይጻፉ።

በሒሳቡ ላይ እኔ ብሆን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው። ነሐሴ ላይ ለገባው ዶላር ቡናው የተጫነው መቼ ነው? ከሰኔ 30 በፊት ከሆነ ዶላሩ እንደሚመጣ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። በሰኔው ዋጋ 57 ሚሊዮን ብር ነው፤ ይሄ በግምቱ ውስጥ መግባት ነበረበት። ከ57 እስከ 100 ያለው የሐምሌ ነው፣ የ2017 ነው።

ባለአክሲዮኑ፦

ስለዚህ 57ቱን አመንሽልኝ።

ኦዲተሯ፦

አላመንኩም። የጭነት ሰነዱን ቀን አሳዩኝ ነው ያልኩት። ቡናው በሐምሌ ተጭኖ ከሆነ አንዲት ብርም የለዎትም።

ባለአክሲዮኑ፦

እሺ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ፣ ቁጥሩን አንቺ እዪልኝ። ሰባት ሆነን እንፈርምበታለን። እህቴ አትፈርምም፤ ባለአክሲዮን አይደለችማ።