ክርክር፦ የአውሮፓ የደን ደንብ ለቡና ገበሬው ፍትሐዊ ነው?

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ደንብ አወጣ። ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተዘጋጀ መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው አይገባም። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ ማሳየት አለበት። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ከዓለም የንግድ ሕግ ጋር ይጋጫል ወይ? አንድ ቡና ላኪና አንዲት የደን ባለሙያ ይከራከራሉ።

ላኪው፦ እኔ ይጋጫል ባይ ነኝ። ደን ይጠበቅ መባሉን አልቃወምም። የሚያሳስበኝ ሸክሙ ማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። የኛ ገበሬ ማሳ ብዙ ጊዜ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። እሸቱን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል። እዚያ የስንትና ስንት ገበሬ ቡና ይቀላቀላል። የቱ ፍሬ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማን ይለያል? የብራዚል ሰፊ እርሻ ግን የራሱን ካርታ አስገብቶ ይገላገላል። የዓለም የንግድ ድርጅት የሸቀጥ ንግድ ስምምነት (GATT) አንቀጽ 20 የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃን ቢፈቅድም፣ ለአድልዎ መሸፈኛ እንዳይሆን ከልክሏል።

ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ አንቀጽ 20ን ካነሱ አይቀር የሽሪምፑን ክስ እናንሳ። አሜሪካ የባሕር ኤሊ በሚገድል መረብ የተያዘ ሽሪምፕ አላስገባም አለች። ሕንድ፣ ማሌዥያ፣ ፓኪስታንና ታይላንድ ከሰሷት። በ1998 የድርጅቱ የይግባኝ አካል ዓላማው ተገቢ ነው፣ አፈጻጸሙ ግን አድሏዊ ነው ሲል ወሰነ። አሜሪካ አፈጻጸሟን አስተካከለች። ማሌዥያ እንደገና ብትከስም በ2001 ተረታች። ሕጉ ደንብ ያሳርማል እንጂ አያፈርስም። ደግሞም ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ የሚጠየቀው አንድ የመገኛ ነጥብ ብቻ ነው። በከፋ ዞን የሚበቅለው የጫካ ቡናም ደኑ ደን ሆኖ እስከቆየ ድረስ ደንቡን አይጥስም። ያ ደን የአረቢካ ቡና መገኛ ነው። ሲመነጠር እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ላኪው፦ ጥሩ፣ ግን አፈጻጸሙ አድሏዊ የተባለው ለምን ነበር? አሜሪካ ለካሪቢያን አካባቢ አገሮች 3 ዓመትና የቴክኒክ ድጋፍ ሰጥታ፣ ለእስያዎቹ 4 ወር ብቻ ስለሰጠች ነው። እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ያቺን አንድ ነጥብ ማን ይወስዳል? ስልክ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞር ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ወጪው ዞሮ ዞሮ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀነሳል። አቤት ማለቱም ቀላል አይደለም፤ መክሰስ የሚችለው የድርጅቱ አባል አገር ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ደጅ ጠንታለች። የይግባኝ አካሉም ከ2019 ማብቂያ ወዲህ አዲስ ይግባኝ መስማት አልቻለም።

ባለሙያዋ፦ በወጪው እስማማለሁ፤ መክፈል ያለበት የአውሮፓ ገዢ ነው። ግን የተሰበሰበው መረጃ የማን ይሆናል? የላኪው ከሆነ ገበሬው ለዚያ ላኪ ብቻ ለመሸጥ ይገደዳል። የገበሬው ይሁን።

ላኪው፦ እኔ ላኪ ሆኜም እስማማለሁ። ገንዘቡ ግን ቀድሞ ይምጣ። እሸቱ ሲቀላ ገበሬው የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።