ሦስቴ ተሞክሮ ለሚያልፍ ቴስት የቀረበ ውዳሴ

የድረ ገጽ ቴስት ስትጽፉ «ስቴል ኤለመንት» (ያረጀ የገጽ ክፍል፣ ለምሳሌ ቁልፍ) የሚል ስህተት በመጣ ቁጥር ትሬድ ስሊፕ፣ ማለትም ኮዱን ለጥቂት ሰከንድ የሚያስተኛ መስመር፣ ለምትጨምሩ ሁሉ ክብር ይገባችኋል! ብራውዘሩን የሚነዳላችሁ ሴሌኒየም «የያዝከው ኤለመንት ከገጹ ላይ ተነስቷል» ብሎ በግልጽ ሲነግራችሁ እናንተ «ደክሞት ነው፣ ትንሽ ይረፍ» አላችሁ። 600 ቴስት አምስት አምስት ሰከንድ ሲያሸልብ 50 ደቂቃ ነው፤ ለቡና መቼ ያንሳል?

አተኛኘታችሁ ደግሞ ልዩ ነው። የምታስተኙት ኤለመንቱን ፈልጋችሁ ቫሪያብል ውስጥ ካስቀመጣችሁ በኋላ ነው። በዚያ መሃል ገጹን የሚሠራው ላይብረሪ፣ ሪአክት፣ ዝርዝሩን እንደገና ሲሠራ አሮጌው ኖድ (ኤለመንቱ በብራውዘሩ ውስጥ ያለው አካል) ሊጣል ይችላል፤ በቦታው የቆመው መልኩ ቁርጥ እሱን ቢመስልም ሌላ ኖድ ነው። እንቅልፉ በረዘመ መጠን የያዛችሁት ነገር የመሞቻ ጊዜ ያገኛል። እሰይ!

የሪትራዩ፣ የወደቀን ቴስት ደግሞ የማስኬዱ፣ ብልሃትማ አይወራ። ከአሥር ጊዜ ሦስቴ የሚከሰት እውነተኛ ስህተት፣ ሦስት ሙከራ ከተፈቀደለት፣ ሦስቱም የሚወድቁበት ዕድል 2.7 በመቶ ብቻ ነው። የቀረውን ደንበኛው ያገኝላችኋል። ክሊኩንና ቀጣዩን ንባብ በአንድ ትራይ ካች (ስህተት በሚይዝ የኮድ ክፍል) ጠቅልላችሁ የምትደግሙትም አበጃችሁ፦ ክሊኩ ተሳክቶ ንባቡ ሲወድቅ ክሊኩ ይደገማል፤ አንድ የግዢ ትዕዛዝ የነበረው ሁለት ይሆናል። ሽያጭ አደገ ማለት ነው።

ነገረኞች ግን አይጠፉም። «ዌብኤለመንቱን (የተገኘውን ኤለመንት) ሳይሆን ባይ ሎኬተሩን (ኤለመንቱ የሚፈለግበትን መንገድ) ያዙ፣ በምትነኩበት ቅጽበት ፈልጉ» ይላሉ። ገጹ የሚታደስ ከሆነ አሮጌውን ኤለመንት ይዞ ክሊክ ማድረግ፣ በስቴልነስ ኦፍ፣ ማለትም ኤለመንቱ ማርጀቱን በሚያይ ሁኔታ፣ እስኪጠፋ መጠበቅ፣ ከዚያ አዲሱን መፈለግ ነው አሉ። የሴሌኒየም መጠበቂያ ዌብድራይቨር ዌይት፣ ካልቀየራችሁት፣ በየ500 ሚሊሰከንዱ ያያል፣ ሁኔታው እንደተሟላም ይቀጥላል፤ ለእንቅልፍ ክብር የለውም። በጃቫ ደግሞ ራሳችሁ የጻፋችሁት ሁኔታ የስቴል ስህተት ከወረወረ መጠበቁ እዚያው ይቋረጣል፤ በኢግኖሪንግ («ይህን ስህተት ችላ በል» በሚለው ሜተድ) ካልነገራችሁት በቀር ችላ የሚለው ኤለመንት አለመገኘትን ነው። ይህን ለማወቅ ዶክመንቴሽን ማንበብ ይጠይቃል፤ ማን ጊዜ አለው?

ወደ ሌላው የቴስት መሣሪያ፣ ወደ ፕሌይራይት፣ እንዛወር ቢሏችሁም አትስጉ። ሎኬተሩ በእያንዳንዱ ድርጊት ኤለመንቱን እንደ አዲስ ይፈልጋል፤ ኤለመንት ሃንድል የሚባለው ግን አሁንም አለ። እሱን ከያዛችሁ አሮጌው ኖድ ላይ እንደተጣበቃችሁ መኖር ትችላላችሁ።